ማልዲቭስ ላይ ስኩባ ስትጠልቁ፦ ችግርና መፍትሄ

ጆሮ ይወጋል፣ መውረድ አልተቻለም
ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ገና 2 ወይም 3 ሜትር ላይ ነው። የውሃው ገጽ ላይ 1 ባር (የግፊት መለኪያ) የነበረው ግፊት 10 ሜትር ላይ 2 ባር ይሆናል፤ ከታምቡሩ ጀርባ ያለው አየር ሲጨመቅ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል። አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ይዛችሁ በቀስታ እፍ በሉ፤ ግን ህመሙ ሳይመጣ፣ ገና ከላይ ጀምራችሁ በየግማሽ ሜትሩ። ከወጋችሁ 1 ሜትር ወደ ላይ ተመልሳችሁ እንደገና ሞክሩ። በኃይል መንፋት የውስጥ ጆሮን ይጎዳል፤ ቡድኑ ይጠብቃችሁ። ጉንፋን ካለባችሁ የዚያን ቀን ይቅርባችሁ። አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ውጦ መግባትም አደገኛ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሳላችሁ ኃይሉ ካለቀ፣ ስትወጡ አየሩ መውጫ ያጣል።

ማስኩ ጭጋግ ይለብሳል
አዲስ ከሆነ መስታወቱን ከውስጥ በጥርስ ሳሙና ፈትጉት። ከዚያ በኋላ ምራቅ ይበቃል።

አየር ቶሎ ያልቃል
12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር ይይዛል። የውሃው ገጽ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው፣ 20 ሜትር ላይ ግፊቱ 3 ባር ስለሆነ በደቂቃ 60 ሊትር ይጨርሳል፤ 50 ባር መጠባበቂያ ሲቀነስ ያለው 30 ደቂቃ ብቻ ነው። ዋናው ጥፋት ለመስመጥ የታጠቁት የእርሳስ ብረት ክብደት መብዛቱ ነው፦ እግር ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ሰውየው ላለመስጠም ሲታገል ትንፋሹ ይበዛል። ሲሊንደሩ 50 ባር ሲቀረው፣ ጃኬቱ (አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፈው) ባዶ ሆኖ፣ 5 ሜትር ላይ በረጋ ትንፋሽ ባላችሁበት መቆየት ከቻላችሁ የእርሳሱ መጠን ልክ ነው። ከሰመጣችሁ በሚቀጥለው ጊዜ 1 ኪሎ ቀንሱ።

ፍሰቱ ይወስዳል
ካንዱ የሚባሉት፣ አቶሉን (የቀለበት ቅርጽ ያለውን የኮራል ደሴቶች ስብስብ) ከውጭው ባሕር የሚያገናኙት መተላለፊያዎች ሻርክ የሚታይባቸው ናቸው፤ ውሃው የሚበረታውም እዚያው ነው። ፊት ለፊት አትግጠሙት፤ ወደ ወለሉ ጠጋ በሉ፣ እዚያ ይቀንሳል። ጓደኛችሁን ካጣችሁ 1 ደቂቃ ፈልጉ፤ ካላገኛችሁት በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳትፈጥኑ ውጡ። 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቆሙና ብርቱካናማውን ፊኛ ልቀቁ፤ የዶኒው (የማልዲቭስ ጀልባ) ካፒቴን በማዕበል መሃል ጭንቅላታችሁን አያይም፣ ፊኛውን ግን ያያል።

ከወጡ በኋላ መገጣጠሚያ ያማል፣ ቆዳ ይደነዝዛል
ናይትሮጅን በሰውነት ውስጥ አረፋ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። አጋድሙት፣ 100 በመቶ ኦክስጅን ስጡት፣ ሐኪም ጥሩ። ይሻለዋል ብሎ መልሶ ማጥለቅ ክልክል ነው። ምልክት የሌለበትም ቢሆን ለቀናት ሲጠልቅ ከሰነበተ ከመጨረሻው መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን አይሳፈር፤ ከደሴት ደሴት የምታመላልሰው የባሕር አውሮፕላንም ከዚህ አትወጣም።