ካታክሊስሚክ ቫሪያብል ኮከቦችን ከሰማይ ቅኝት መረጃ ለይቶ የማጥኛ መንገድ

ካታክሊስሚክ ቫሪያብል የሚባለው ነጭ ድንክ ኮከብ (ነዳጁን የጨረሰ ኮከብ ጥቅጥቅ ያለ ቅሪት) እጅግ ከቀረበው ጓደኛው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቀይ ድንክ ኮከብ (ትንሽና ቀዝቀዝ ያለ ኮከብ)፣ ጋዝ የሚስብበት ጥንድ ነው። ጋዙ በነጩ ድንክ ዙሪያ እየተሽከረከረ ዲስክ ይሠራል፤ በዲስኩ የተከማቸው ጋዝ ግሎ በብዛት ወደ ውስጥ መፍሰስ ሲጀምር ኮከቡ በድንገት ይፈካል። የዚህ ዓይነቱ ኮከብ ድንክ ኖቫ ይባላል፤ ለጀማሪም ከሁሉም የሚቀለው እርሱን መፈለግ ነው።

ፍለጋው የሚጀመረው በካሊፎርኒያ ፓሎማር ከ2018 ጀምሮ የሰሜኑን ሰማይ እየደጋገመ ከሚያነሣው ዜድቲኤፍ ወይም ከአሳስኤስኤን ቅኝት የብሩህነት መዝገብ ነው። ለምሳሌ ለወራት በ19.6 ማግኒቲዩድ (የብሩህነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል) የቆየ ኮከብ በአንድ ሌሊት 16.0 ደርሶ ከሳምንት በኋላ ወደ ነበረበት ቢመለስ፣ 27 ጊዜ ያህል ደምቆ ነበር ማለት ነውና ልብ ሊባል ይገባል።

ይሁን እንጂ ፍካት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የቀይ ድንክ ብልጭታ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ስለሚያልፍ በመዝገቡ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ጥሎ ሊሄድ ይችላል፤ አስትሮይድ በማግስቱ ከቦታው ይታጣል፤ ሱፐርኖቫ ደግሞ ለመደብዘዝ ሳምንታትና ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ ዋናዎቹን ምስሎች ከፍቶ በዓይን ማየት ግድ ነው። ፍካቱ አለመደገሙም ተስፋ አያስቆርጥም፤ ደብልዩዜድ ሳጂቴ የተባለው ኮከብ የፈካው በ1913፣ በ1946፣ በ1978 እና በ2001 ነበር። ዲስክ የሌላቸው፣ ፖላር የሚባሉት መግነጢሳዊ ጥንዶች ደግሞ የድንክ ኖቫ ፍካት ስለማያሳዩ በጋያ ሳተላይት የርቀትና የቀለም መረጃ፣ በቀለምና በብሩህነት ሥዕል ላይ በዋናው የኮከቦች መስመር (አብዛኞቹ ኮከቦች በሚሰለፉበት) እና በነጭ ድንኮች መካከል ከሚገኙት ውስጥ ቢፈለጉ ይሻላል።

ማረጋገጫው ስፔክትረም፣ ማለትም በቀለማቱ ተዘርዝሮ የሚታየው የኮከቡ ብርሃን፣ ነው፤ መወሰድ ያለበትም ኮከቡ ሲረጋጋ ነው፤ በፍካት ጊዜ ዲስኩ ስለሚደምቅ የሃይድሮጅን ደማቅ መስመሮች ሊጠፉ ወይም ወደ ጥቁር መስመር ሊለወጡ ይችላሉ። በ656.3 ናኖሜትር ላይ ሰፊና ሁለት ጫፍ ያለው ደማቅ መስመር ከታየ የሚሽከረከር ዲስክ እንዳለ ጥሩ ምልክት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የጥንዱን የዙረት ጊዜ መለካት ይገባል። የብዙዎቹ ጊዜ ከ80 ደቂቃ ገደማ እስከ 10 ሰዓት ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ክፍተት ግን የሚገኙት ጥቂቶች ናቸው። በየሌሊቱ አንድ ጊዜ ብቻ ከሚነሣ መዝገብ የተገኘ ጊዜ በቀን ዑደት ምክንያት ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ኮከቡን ሳያቋርጡ ለበርካታ ሰዓታት መለካት ያስፈልጋል። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር የብርሃኑ መድረሻ ሰዓት እስከ 8 ደቂቃ ያህል ወዲያና ወዲህ ስለሚል፣ ሰዓቶቹ ሁሉ ወደ ሥርዓተ ፀሐይ የክብደት ማዕከል ተስተካክለው መመዝገብ አለባቸው። በታላቅ ፍካት ወቅት የሚታየው ሱፐርሃምፕ የተባለ ውዝዋዜም ከዙረቱ ጊዜ በጥቂት በመቶ ስለሚረዝም፣ እርሱን የዙረት ጊዜ ብሎ መመዝገብ ስሕተት ነው።