የሥራ መሣሪያ ከእጅ እንዳይወድቅ፦ የእጅ አንጓ ማሰሪያ እንዴት እንደሚሠራ

ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ ስሠራ የሰማሁት አንድ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። መሰላል ላይ ቆሜ በሦስተኛው መደርደሪያ የተደረደሩትን ካርቶኖች ባርኮድ አነብ ነበር። ወሩ ግንቦት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መዳፌ ደግሞ በላብ የራሰ። ማንበቢያው ከጣቶቼ መሐል ሾልኮ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ድምፁ እንቁላል ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ፣ ቀጭን ነበር። ወርጄ ሳነሣው መስተዋቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ምትኩ እስኪመጣ ድረስ የመጋዘኑን ዕቃ በወረቀትና በእስክሪብቶ ቆጠርነው፤ ቁጥሩ አልገጥም ሲል ደግሞ እንደገና ቆጠርነው። ያን ጊዜ መሰላሉ ሥር ሰው ቆሞ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በመስተዋት ብቻ አያበቃም ነበር።

ይህን ሁሉ የሚያስቀር ነገር ቤት ውስጥ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሠራል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ የኮንቴይነር ቁጥር ለሚመዘግብ፣ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የከተማዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ዕቃ ለሚያስረክብ፣ ቤት ለቤት እየዞረ ቆጣሪ ለሚያነብ፣ በታብሌት መጠይቅ ለሚሞላ፣ የክፍያ ማሽን ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ለሚመላለስ አስተናጋጅ ሁሉ ያገለግላል። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት ከ20 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ መንገድ ነው፤ ከፍታቸው ግን 600 ሜትር ያህል ይለያያል። ታች ኮምቦልቻ እጅ በላብ ያንሸራትታል፤ ላይ ደሴ የክረምቱ ጉም ጣትን ያደነዝዛል። መሣሪያው በሁለቱም ቦታ ይወድቃል።

መጀመሪያ መዝኑ

መሣሪያውን ሱቅ ወስዳችሁ በሚዛን አስመዝኑት። ስልክ 200 ግራም ያህል ነው፤ የባርኮድ ማንበቢያ እንደ ባትሪው መጠን ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ከአንድ ኪሎ በታች የሆነ መሣሪያ ለእጅ አንጓ ይስማማል። ሁለት ኪሎ የደረሰ ነገር ግን እጅ ላይ አይታሰርም። ድንገት ቢወድቅ አንጓን ይጎዳል፤ መሰላል ላይ ያለን ሰውም ሚዛን ሊያስት ይችላል። እንዲህ ያለው መታሰር ያለበት ከመደርደሪያው ወይም ከሌላ የማይነቃነቅ ነገር ጋር ነው።

የማሰሪያው ርዝመት ለምን እንደሚያስጨንቀኝ በቁጥር ላስረዳ። ከ1.2 ሜትር ከፍታ የወደቀ ዕቃ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወርዶ በገመድ የተያዘ ዕቃ ግን በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል፤ የሚሸከመው ጉልበት ስምንት እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ ረጅም ማሰሪያ ዕቃውን ከመሬት ቢያድነውም ከጠረጴዛ ጠርዝና ከመሰላል ብረት ጋር ያላትመዋል። ከ15 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች

የተማሪ ቦርሳ ማንገቻ የሚሠራበት ዓይነት፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው የናይለን ጥብጣብ፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናይለን ገመድ፤ የልጆች ጫማ ላይ የምናውቀው፣ አንዱ ፊቱ ሻካራ ሌላው ለስላሳ የሆነ ተጣባቂ ጨርቅ፤ ጠንካራ የስፌት ክርና ተራ የጥጥ ክር፤ ወስፌ፣ መቀስ፣ ክብሪት። የብረት ሰንሰለትና የቁልፍ ቀለበት አትጠቀሙ። ብረት መስተዋት ይቧጭራል፤ ከኤሌክትሪክ ጋር ለሚሠራ ሰው ደግሞ አደገኛ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ አንጓችሁን ለኩ

በክር ለኩ። ጓንት ወይም ወፍራም ሹራብ ለብሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ከላዩ ለኩ። በልኩ ላይ ለምቾት ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ለመደራረቢያ ስድስት ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። አንጓው 17 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ጥብጣብ ይበቃል። የተቆረጡትን ጫፎች ለክብሪት ነበልባል አስጠግታችሁ አቅልጡ፤ አለበለዚያ ክሩ ይተረተራል። የቀለጠ ናይለን ጣት ላይ ይጣበቃልና እስኪቀዘቅዝ አትንኩት።

ሁለተኛ ደረጃ፦ አምባሩን ስፉ

ሻካራውን ተጣባቂ በአንዱ ጫፍ የውጭ ፊት ላይ፣ ለስላሳውን በሌላው ጫፍ የውስጥ ፊት ላይ ስፉ። ቆዳችሁ ላይ የሚያርፈው ለስላሳው እንዲሆን ነው። ይህ ጨርቅ ጎን ለጎን ሲሳብ አጥብቆ ይይዛል፤ ከጫፉ ሲገለጥ ግን በቀላሉ ይለቃል። ስለዚህ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሳትሰፉ ተዉለት፤ በሁለተኛው እጅ ቶሎ መፍታት ትችላላችሁ።

አምባሩ መሐል ላይ ከዚያው ጥብጣብ ቁራጭ አጥፋችሁ ትንሽ ጆሮ ስፉ። ስፌቱ አራት ማዕዘን ሆኖ በውስጡ መስቀል ይኑረው፤ የቦርሳ ማንገቻ ስፌት አይታችሁ ቅዱ። እጃችሁ ለስፌት ካልተፈታ የጫማና የቦርሳ ጠጋኝ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ አንገቱን (አምባሩን ከመሣሪያው ጋር የሚያገናኘውን ገመድ) ሥሩ

የመጀመሪያ ሥራዬን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለሚቀመጡ አንድ አረጋዊ ጫማ ጠጋኝ አሳየኋቸው። ጥብጣቡ ጥሩ ነበር፤ ከመሣሪያው ጋር ያገናኘሁት ግን በቀጭን ሲባጎ ነበር።

«አባባ፣ ስፌቱ ይበቃል?» አልኋቸው።

ስፌቱን አላዩትም። ሲባጎውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳብ ሳብ አደረጉና «አብሽሪ ልጄ፣ ስፌትሽ ደኅና ነው። ይኼ አንገቱ ግን ይበጠሳል» አሉኝ።

ትልልቅ ፋብሪካዎችም በዚሁ ተሰናክለዋል። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2006 እ.ኤ.አ. ዊ የተባለውን የጨዋታ መሣሪያ ባወጣ ጊዜ የመቆጣጠሪያው የእጅ ማሰሪያ እየተበጠሰ መቆጣጠሪያው ቴሌቪዥን ላይ ያርፍ ነበር። ኩባንያው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ማሰሪያዎችን በነጻ ለመለወጥ ተገደደ። የተለወጠው አምባሩ አልነበረም፤ የአንገቱ ገመድ ውፍረት ከ0.6 ወደ 1 ሚሊ ሜትር አደገ።

ከገመዱ 45 ሴንቲ ሜትር ቁረጡና ጫፎቹን አቅልጡ። ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ ይዛችሁ ቋጥሩ፤ ከቋጠሮው ውጭ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጭራ ይቅር። በጥርስና በጉልበት ሳቡት፤ ናይለን ያንሸራትታልና ላላ ብሎ የተቋጠረ ይፈታል። አሁን የገመድ ቀለበት አላችሁ።

አራተኛ ደረጃ፦ መልቀቂያውን አትርሱ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔ ግን ሳልሠራው የምተወው ነገር አይደለም። መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን እጃችሁንም የምታስሩ መሆኑን አስቡ። ገመዱ የመደርደሪያ ብረት ላይ ቢጠለፍ ወይም በር ውስጥ ቢቀረቀር፣ መበጠስ ያለበት ገመዱ እንጂ አንጓችሁ አይደለም።

ስለዚህ የገመዱን ቀለበት ከአምባሩ ጆሮ ጋር በቀጥታ አትቋጥሩት። በተራ የጥጥ ክር ሁለት ጊዜ ዙራችሁ አገናኙትና ፈትኑት። ፈተናው ቀላል ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። አምባሩን ምስማር ላይ ሰቅላችሁ ሦስት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ አንጠልጥሉበት። ከተበጠሰ አንድ ዙር ጨምሩና ድገሙት። ሦስቱን ከቻለ ደግሞ ሰባት ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ስቀሉበት፤ አሁን መበጠስ አለበት። ካልተበጠሰ ዙሩን ቀንሱ። የክር ጥንካሬ እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ የዙሩን ቁጥር እኔ ልነግራችሁ አልችልም፤ ጀሪካኑ ይነግራችኋል።

ሦስት ኪሎ ለምን? 300 ግራም የሆነ ዕቃ 15 ሴንቲ ሜትር ወርዶ በሁለት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሲቆም፣ ለዚያች ቅጽበት ሁለት ኪሎ ተኩል እንደሚመዝን ሆኖ ይስባል። መሣሪያችሁ ከዚህ ከከበደ በዚያው መጠን ጨምሩ።

ከሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ግን ይህም አይበቃም። ማጠንጠኛም ይሁን በሞተር የሚሽከረከር የማጓጓዣ ቀበቶ አጠገብ ስትቆሙ ማሰሪያውን አውልቃችሁ መሣሪያውን ኪስ ውስጥ አስገቡ። ማሽን ክር መበጠሱን አይጠብቅም። ባጃጅም ሆነ ሞተር ብስክሌት ስትነዱ እንዲሁ አውልቁት።

አምስተኛ ደረጃ፦ ከመሣሪያው ጋር አገናኙ

ለሥራ ተብለው የተሠሩ ብዙዎቹ ማንበቢያዎች እጀታቸው ግርጌ ላይ የማሰሪያ ቀዳዳ አላቸው። የገመዱን ቀለበት በቀዳዳው አሳልፉ፤ ከዚያ የተፈታውን አምባር በሙሉ በቀለበቱ ውስጥ አስገብታችሁ ሳቡ። ቋጠሮ ሳያስፈልግ ራሱን ያጠብቃል። በፈረቃ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ መሣሪያው ለተረኛው ሲቀር እናንተ በላብ የረጠበውን የራሳችሁን አምባር ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ስልክ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም። ከቀጭን ግን ጠንካራ ሸራ አራት ሴንቲ ሜትር በሦስት የሆነ ቁራጭ ቁረጡ፤ ከግርጌው አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ምላስ ይውጣ። ምላሱን አጥፋችሁ ጆሮ እንዲሆን ስፉት። ቁራጩን በስልኩና በከቨሩ መሐል አስቀምጡ፤ ምላሱ በቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ ጠርዝ በኩል ብቅ ይበል። ከቨሩ ስልኩን አጥብቆ የሚይዝ መሆን አለበት። የላላና ያረጀ ጎማ ከሆነ ስልኩ ወድቆ ከቨሩ ብቻ እጃችሁ ላይ ይቀራል። በማጣበቂያ ጀርባ ላይ የሚለጠፍ ቀለበት አልመክርም፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ማስቲሹ ይለቃል።

ለታብሌት ይህ ማሰሪያ ብቻውን አይመችም። ጀርባው ላይ እጅ የሚያስገቡበት ሰፊ ላስቲክ ይኑረው፤ የአንጓው ማሰሪያ ተጨማሪ ይሁን።

ስድስተኛ ደረጃ፦ በውሃ ፈትኑ

እውነተኛውን መሣሪያ ከማሰራችሁ በፊት በእርሱ ክብደት ልክ ውሃ የያዘ ትንሽ ሃይላንድ እሰሩና ፍራሽ ላይ ቆማችሁ ሃያ ጊዜ ልቀቁት። ከዚያ ቋጠሮውንና የጥጥ ክሩን በጥፍራችሁ ዳስሱ። ክሩ ከሳሳ ለውጡት።

አደራረጉም ይለመዳል። መጀመሪያ አምባሩ ይታሰር፤ ቀጥሎ መሣሪያው ይነሣ። መሬት ላይ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ገና ሲነሣ ወይም ሲቀመጥ ነው። በአምባሩና በቆዳችሁ መሐል ትንሿ ጣት ትግባ። ጣት ከደነዘዘ ወይም መዳፍ ከቀዘቀዘ አላሉት። መሰላል ስትወጡና ስትወርዱ ሁለቱም እጆች ባዶ ይሁኑ፤ ማሰሪያው አለ ብሎ መሣሪያ አንጠልጥሎ መውጣት ሌላ አደጋ ነው።

አንድ ነገር እንዳታምታቱ። የስልክና የኮምፒውተር ጠጋኞች በሽቦ ከመሬት ጋር የሚያገናኙት የእጅ ማሰሪያ ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። እርሱ የሰውነትን የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ የሚያወርድ ሲሆን፣ ለደኅንነት በውስጡ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ አንድ ሜጋ ኦም ሬዚስተር አለው። የእኛ ጥብጣብ ያንን ሥራ አይሠራም።

እንክብካቤ

በሳምንት አንድ ጊዜ በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ እጠቡት፤ ላብ ጥብጣቡን ያደርቀውና ቆዳ ያሳክካል። ጥላ ላይ ይድረቅ፤ ናይለን ፀሐይ ላይ ሲውል ይዳከማል። ተጣባቂው ጨርቅ በካርቶን ብናኝ ሲሞላ አይይዝም፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አራግፉት።

እኔ ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት የገመዱን አንገት እመለከታለሁ። ገመዱ መሣሪያው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ የሚያርፍባትን ነጥብ በአውራ ጣት ጥፍር እዳስሳለሁ፤ ፕላስቲኩ ቀስ በቀስ እንደ መጋዝ ይበላዋልና። ፀጉር መሳይ ክሮች ብቅ ካሉ በዕለቱ እለውጠዋለሁ፤ ባይሉም በየሦስት ወሩ እለውጠዋለሁ። አሮጌውን ገመድ ሁለት ቦታ በመቀስ ቆርጬ እጥለዋለሁ፤ እንዳለ መሳቢያ ውስጥ ከቆየ ቸኩሎ የመጣ የሥራ ባልደረባ አንሥቶ ያስረዋል።