ስለ መስታወቱ ከማውራታችሁ በፊት

ፒያሳ ውስጥ፣ ከአንድ ካፌ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ እኔና ጓደኞቼ በየወሩ የድሮ ፊልም እናሳያለን። ወንበሮቹ 25 ናቸው። ግድግዳው ላይ አንሶላ እንወጥራለን፣ ፕሮጀክተሩን እናበራለን፣ በቃ። ደጋግመን ካሳየናቸው አንዱ የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የስፓይክ ሊ «ዱ ዘ ራይት ቲንግ» ነው፤ በ1989 የወጣ (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። ባሳየነው ቁጥር ተመልካቹ የሚስተው ያንኑ ነገር ነው። ስለዚህ ገና ላላያችሁት ልጽፍላችሁ ተነሳሁ።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ፣ ብሩክሊን፣ ጥቁሮች የሚበዙበት ቤድፎርድ ስታይቨሰንት የሚባል ሰፈር። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሳል የሚባል ጣሊያን አሜሪካዊ እዚያ ለዓመታት ፒዛ ሸጧል። ሲመሽ ጠብ ይነሳል። ፖሊስ ሬዲዮ ራሂም የሚባለውን ወጣት አንቆ ይገድለዋል። የሳል ፒዛ አመላላሽ ሙኪ የቆሻሻ በርሜል ያነሳና የፒዛ ቤቱን መስታወት ያደቀዋል። ቤቱ ይቃጠላል። መጨረሻውን አውቄ ነው የነገርኳችሁ። ይህ ፊልም መጨረሻው ስለታወቀ አይበላሽም።

«አክተሩ ማነው?» ፊልሙ በተጀመረ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይህ ጥያቄ ከኋላ ወንበር ይመጣል። እዚህ ፊልም ላይ አክተርና ሌባ ብሎ መክፈል አያዋጣም። ሳል የሰፈሩ ልጆች በኔ ፒዛ አደጉ ብሎ ከልቡ ይኮራል። ያው ሳል ሲናደድ ራሂም እያስጮኸ ይዞት የሚዞረውን ትልቅ ቴፕ በዱላ ይሰባብራል፣ አስቀያሚውንም ስድብ ይሳደባል።

ሌላው የቃል ጣጣ ነው። እኛ «ዘር» ስንል ብሔርም ነው፣ የትውልድ ሐረግም ነው፣ የቆዳ ቀለምም ነው። አንድ ቀን «ስለ ዘር ግጭት የሚያወራ ፊልም ነው» ብዬ አስተዋወቅኩ። ውይይቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አገር ቤት ፖለቲካ ውስጥ ገባ። ማንም ወደ ብሩክሊን አልተመለሰም። ጥፋቱ የኔ ነበር። አሁን «ስለ ጥቁርና ነጭ» ብዬ ነው የምጀምረው። ከራሳችን ጋር ማያያዝ ይቻላል፣ ይገባልም። ግን መጀመሪያ እነሱን እንስማቸው።

«በፎቶ ይጣላሉ እንዴ?» የሚሉም አሉ። ጠቡ የሚጀምረው የሳል ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ፎቶዎች ሁሉ የጣሊያን አሜሪካውያን ስለሆኑ ነው። የሚበሉት ግን ጥቁሮች ናቸው። እስቲ እዚሁ ፒያሳ ማኪያቶ የምትጠጡበት ቤት፣ ግድግዳው ሙሉ በፎቶ ተሸፍኖ አንድም ሀበሻ ባይኖርበትስ? አበበ ቢቂላ የለ፣ ጥላሁን ገሠሠ የለ። በየቀኑ እየከፈላችሁ በየቀኑ ያንን ማየት ነው።

የራሂም ቴፕ ሲያስቸግራችሁ ድምፁን አትቀንሱ። እንዲያስቸግር ተብሎ ነው የተሠራው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ፊልሙ ያልቃል፣ መብራት ይበራል፣ የመጀመሪያው እጅ ይወጣል። «ሙኪ ለምን መስታወቱን ሰበረ? ሰውየው እኮ ሥራ ሰጥቶታል!» ሁለተኛው እጅ፣ ያው። ሦስተኛው ስለ ሳል ኪሳራ። አንድ ጊዜ ሰዓቴን አየሁ፤ 40 ደቂቃ ሙሉ ስለ መስታወት ተወርቷል። የራሂም ስም አንዴም አልተነሳም። እባካችሁ! ሰው እኮ ሞቷል! ለቴፑ 20 የባትሪ ድንጋይ ሲገዛ ያየነው ልጅ ነው። እግሩ ከመሬት ተነስቶ ሲንፈራገጥ ካሜራው ጫማውን አቅርቦ ያሳየናል። ከዚያ እግሩ ዝም ይላል። ይህን አይቶ ስለ መስታወት መጠየቅ እንዴት ይቻላል? በማግስቱ ጠዋት ሙኪ ራሱ ለሳል ይህንኑ ይነግረዋል። መስታወቱን ተወው፣ ራሂም ሞቷል ይለዋል። ፊልሙ በግልጽ የተናገረውን ነው የምንስተው።

መጀመሪያ ሳየው እኔም ያዘንኩት ለሳል ነበር። ቤቱ ሲነድ ሆዴ ተላወሰ። ስለ ራሂም ያሰብኩት ከሳምንት በኋላ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ማታ ከልጃቸው ጋር የመጡ እናት ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰው ስለ መስታወቱ ሲከራከር ቆይተው «ልቅሶው የታለ? ድንኳን አይጣልለትም? እናት የለውም ይሄ ልጅ?» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

«ያ ድሮ ነው» ለምትሉ፣ ኤሪክ ጋርነር እዚያው ኒውዮርክ በፖሊስ ክንድ ታንቆ የሞተው በ2014 ነው። ስፓይክ ሊ የእሱን ቪዲዮና የራሂምን አሟሟት እያፈራረቀ አሳይቷል።

የመጨረሻው ስህተት ጽሑፉ መውረድ ሲጀምር ጃኬት አንስቶ መውጣት ነው። መጀመሪያ ሁለት ጥቅሶች ይመጣሉ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ዐመፅን ያወግዛል፤ ማልኮም ኤክስ ራስን መከላከል ተገቢ ነው ይላል። ፊልሙ አንዱን መርጦ አይሰጣችሁም። መዝጊያው ላይ ደግሞ ፊልሙ ለስድስት ሰዎች ቤተሰቦች የተበረከተ መሆኑ ይነበባል። ከስድስቱ አንዱ ማይክል ስቱዋርት ነው። በ1983 ባቡር ጣቢያ ግድግዳ ላይ ጻፍክ ተብሎ ተያዘ። በፖሊስ እጅ እያለ ራሱን ሳተ፤ ከ13 ቀን በኋላ ሞተ። 25 ዓመቱ ነበር።

እኚያ እናት ከጠየቁ ወዲህ ስድስቱን ስሞች ሳላነብ መብራት አላበራም። በጨለማው ቀስ ብዬ አንድ በአንድ እጠራቸዋለሁ። ጃኬቱን ያነሳውም ቆሞ ይሰማል።