ለእጅ መሣሪያዎች የሚሆን የሸራ ጥቅልና ከረጢት በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሰፋ

ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ መሮና ሞረድ በአንድ ካርቶን ውስጥ ተደባልቀው ሲቀመጡ የተሳለው ጫፍ ከሌላው ብረት ጋር እየተጋጨ ይደንዛል፤ የተፈለገው ዕቃም ሁልጊዜ ከታች ይገኛል። በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ እንደነበሩት ብዙ ቤቶች ጠባብ በሆነ ክፍል ውስጥ ደግሞ ለትልቅ የመሣሪያ ሣጥን የሚሆን ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ተጠቅልሎ የሚታሰር የሸራ መያዣ ግን ከበር ጀርባ ይሰቀላል፣ ከአልጋ ሥር ይገባል፣ ለሥራ ሲወጣም በብብት ተይዞ ታክሲ ይሳፈራል። መስፋቱም ቢሆን ቀጥ ያለ መስመር መስፋት ለሚችል ሰው ከአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ አይበልጥም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር ልኬቱ የሚጀምረው ከጨርቁ ሳይሆን ከመሣሪያው መሆኑ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ጥቅል ስሰፋ ጨርቁን ዘርግቼ በየ4 ሳንቲ ሜትሩ እኩል መስመር አሰመርኩ፤ ስጨርስ ፒንሳው በየትኛውም ኪስ አልገባ አለ፣ እርሳሱ ደግሞ በሰፊው ኪስ ውስጥ ሰምጦ ጠፋ። ከዚያ የባሰው መሮው ነበር። ስለቱን ወደ ታች አድርጌ አስገብቼው ስለነበር ታክሲ ውስጥ ጥቅሉን ጉልበቴ ላይ እንዳስቀመጥኩት ጫፉ የኪሱን ግርጌ ቆርጦ ብቅ አለ። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው አለመጉዳቱ የእግዚአብሔር ጥበቃ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር እነዚህን ስሕተቶች ካረምኩ በኋላ የምጠቀምበት ነው።

ጨርቅ፣ ክርና መርፌ

ለዚህ ሥራ ተስማሚው ጨርቅ መካከለኛ ውፍረት ያለው የጥጥ ሸራ ነው። መርካቶ ሄደው ከጥቅሉ ሲያስቆርጡ ጨርቁን በጣትዎ መካከል አሽተው ይመልከቱት፤ ሲታጠፍ እጥፋቱን የሚይዝ፣ ነገር ግን እንደ ካርቶን የማይገትር መሆን አለበት። ስፋቱ 1.5 ሜትር ከሆነ 70 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ማስቆረጥ ለአንድ ጥቅልና ለጥቂት ከረጢቶች ይበቃል። አዲስ ጨርቅ መግዛት የማይፈልግ ሰው የአሮጌ ጂንስ ሱሪ እግሮችን ፈትቶ ቢገጣጥም ጥሩ ጥቅል ይወጣዋል። የጭነት መኪና የሚሸፈንበትን በፕላስቲክ የተለበጠ ሸራ ግን አልመክርም፤ ካውያ አይችልም፣ መርፌ የበሳው ቀዳዳ አይገጥምም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እርጥበትን ከውስጥ አፍኖ ይዞ ብረቱን ያዝጋል።

ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት መታጠብ አለበት። የጥጥ ሸራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ ከተሰፋ በኋላ ቢታጠብ ኪሶቹ ጠበው መሣሪያው አልገባ ይላል። ከታጠበና ከደረቀ በኋላ በጋለ ካውያ ተተኩሶ ሲለሰልስ መስመር ለማስመርም ይመቻል። ለማስመሪያ በልብስ ሰፊዎች ዘንድ እንደተለመደው አልቆ የሳሳ የሳሙና ቁራጭ ከማንኛውም እስክርቢቶ ይሻላል፤ ሲታጠብ ምንም ምልክት አይተውም።

ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር እርጥበት ሲደጋገምበት ይበሰብሳል። በስፌት መኪናው ላይ ቁጥር 16 መርፌ ይግጠሙ፤ ሸራው ወፈር ካለ ቁጥር 18 ይሻላል። የስፌቱ ርዝመት ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ ያጠረ ስፌት በሸራ ላይ ቀዳዳ አብዝቶ ጨርቁን እንደ ቴምብር ጠርዝ በቀላሉ የሚቀደድ ያደርገዋል። በብዙ ቤቶች ያለው በእጅ የሚዞረው ወይም በእግር የሚረገጠው አሮጌ ሲንጀር ለዚህ ሥራ ከብዙ አዳዲስ መኪናዎች የተሻለ ነው፤ መዘውሩን በእጅ እያዞሩ ወፍራሙን ቦታ ስፌት በስፌት ማለፍ ይቻላል። ስፌት መኪና የሌለው ሰው ጨርቁን ቆርጦና አስምሮ በረንዳ ላይ ለሚሠራ ልብስ ሰፊ ቢሰጠው ሥራው ያው ነው።

የኪሱን ስፋት ማስላት

ጠረጴዛ ላይ መሣሪያዎቹን ሁሉ በሚቀመጡበት ቅደም ተከተል ይደርድሩ። ቀጥሎ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ወስደው ኪስ ውስጥ በሚገባው የመሣሪያው ወፍራም ክፍል ዙሪያ ይጠምጥሙና የሚገናኝበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ። የኪሱ ስፋት የዚህ ዙሪያ ግማሽ ሲደመር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ነው። ምክንያቱም ኪስ ማለት በሁለት ጎኑ የተሰፋ ሁለት የጨርቅ ገጽ ስለሆነ የውስጡ ዙሪያ የስፋቱ እጥፍ ነው። ለምሳሌ 2.8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የመሮ እጀታ ዙሪያው 8.8 ያህል ይመጣል፤ ግማሹ 4.4 ነው፤ የመላወሻው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሲጨመርበት 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእጀታውን ውፍረት ብቻ በማስመሪያ ለክቶ 3 ሳንቲ ሜትር ኪስ የሰፋ ሰው መሮው ለምን እንዳልገባ ሲገረም ይኖራል።

ካቻቪቴ ለየት ያለ ነው። ወደ ኪሱ የሚገባው ቀጭኑ ብረት ሲሆን ወፍራሙ እጀታ ከላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ኪሱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃዋል፣ ነገር ግን እጀታዎቹ ጎን ለጎን እንዳይጨናነቁ በአንዱ ኪስና በሚቀጥለው መካከል 2 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ መተው ያስፈልጋል። ይህ ባዶ ቦታ ጥቅሉ ሲጠቀለል እንደ ማጠፊያ ያገለግላል።

ለሁለት ፒንሳ፣ ለሦስት መሮ፣ ለአራት ካቻቪቴና ለአንድ እርሳስ የሚሆን ጥቅል እንስፋ ብንል፣ ፒንሳዎቹ 8 ሳንቲ ሜትር እያንዳንዳቸው፣ መሮዎቹ 5፣ ካቻቪቴዎቹ ከባዶ ቦታቸው ጋር 4.5፣ እርሳሱ 3 ይወስዳሉ። ድምሩ 52 ሳንቲ ሜትር ነው። በሁለቱም ጎን አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታና ለቅምቀማ የሚታጠፍ 3 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር የጨርቁ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ቁመቱን የሚወስነው ረጅሙ መሣሪያ ነው። ረጅሙ 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ኪሱ 14 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል፤ ከግማሽ በታች የገባ መሣሪያ ጥቅሉ ሲዘቀዘቅ ይወጣል፣ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የገባም ለመምዘዝ ያስቸግራል። ጀርባው 28፣ ከላይ ተመልሶ የሚሸፍነው ክዳን 16 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ክዳኑ ሲታጠፍ የኪሱን አፍ በ2 ሳንቲ ሜትር አልፎ ይወርዳል። ለላይና ለታች ጠርዝ እጥፋት ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲጨመር አጠቃላይ ቁመቱ 62 ሳንቲ ሜትር ነው። ጨርቁን የክሩን አቅጣጫ ተከትለው ይቁረጡ፤ በሰያፍ የተቆረጠ ሸራ ክብደት ሲያርፍበት እየተለጠጠ ይጣመማል።

አሰፋፉ

በመጀመሪያ የታችኛውና የላይኛው ጠርዝ አንድ ሳንቲ ሜትር ሁለት ጊዜ ታጥፎ፣ በካውያ ተጭኖ ይቀመቀማል። ቀጥሎ ሁለቱ ጎኖች 1.5 ሳንቲ ሜትር ሁለት ጊዜ ታጥፈው በተመሳሳይ መንገድ ይሰፋሉ። እንደ ጂንስ ያለ ወፍራም ጨርቅ ከሆነ ጎኑን አንድ ጊዜ ብቻ አጥፎ ጥሬውን ጠርዝ መዘምዘም ይሻላል፤ አለበለዚያ ኪሱ ሲታጠፍ መርፌው ስድስት ድርብ ጨርቅ መብሳት ይኖርበታል።

ኪሱ ከመታጠፉ በፊት የካቻቪቴዎቹ ጫፍ በሚያርፍበት ቦታ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድርብ የጂንስ ቁራጭ ማጠናከሪያ ሆኖ ይሰፋ፤ የእጥፋቱ መስመር በቁራጩ መካከል እንዲያልፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ለዚህ ቦታ ቆዳ ይመርጣል። ቆዳ ግን እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ለረጅም ጊዜ የነካውን ብረት ያዝጋል፤ ስለዚህ እኔ ጂንስን እመርጣለሁ። መሮዎቹ ማጠናከሪያ አያስፈልጋቸውም፤ እጀታቸው ወደ ኪሱ ገብቶ ስለታቸው ወደ ላይ ይሆናል፣ በላዩም ክዳኑ ይወርድበታል።

አሁን ታችኛው ጠርዝ 14 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ታጥፎ በካውያ ይጫናል፤ በስፒል ይያዛል። ሁለቱ ጎኖች ጠርዙ አጠገብ ከተሰፉ በኋላ የኪሶቹ መስመሮች በሳሙናው ይሰመራሉ። ሲሰፉ ከመካከለኛው መስመር ይጀምሩና ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየተፈራረቁ ይሂዱ። የስፌት መኪናው ጥርስ የታችኛውን ጨርቅ ከላይኛው ይልቅ ፈጥኖ ስለሚስብ፣ ከአንድ ጎን ተጀምሮ እስከ ሌላው የተሰፋ ጥቅል መጨረሻው ላይ ይሸበሸባል። እያንዳንዱ መስመር ከግርጌው እጥፋት ተነሥቶ ወደ ኪሱ አፍ ይሰፋል፤ አፉ ላይ ሲደርስ አራት አምስት ስፌት ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ወደ ፊት ይሰፋል። መሣሪያ በተመዘዘ ቁጥር ጉልበቱ የሚያርፈው እዚህች ነጥብ ላይ ስለሆነ ጥቅል መፈታት የሚጀምረውም ከዚህ ነው። መኪናው የማይበሳው ወፍራም ቦታ ካጋጠመ በወስፌ ቀድሞ መብሳትና ክሩን በንብ ሰም አሽቶ በእጅ መስፋት ይቻላል፤ ሰም የተቀባ ክር አይተረተርም፣ ቋጠሮውም አይንሸራተትም።

ማሰሪያው 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ ጥብጣብ ወይም ከዚያው ሸራ የተሰፋ ይሁን። መካከሉ በውጭ በኩል፣ በእርሳሱ ጎን ጠርዝ ላይ፣ ከግርጌው 14 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰፋል። ስፌቱ ትንሽ አራት ማዕዘን ሆኖ መካከሉ በመስቀለኛ ይሞላ። ሲጠቀለል ከፒንሳዎቹ በኩል ይጀመራል፤ ከባዱ ዕቃ ከውስጥ ሲሆን ጥቅሉ ይጠነክራል፣ ማሰሪያውም አይላላም።

ለብሎንና ለምስማር የሚሆን ከረጢት

ከተረፈው ጨርቅ 22 በ40 ሳንቲ ሜትር ቁራጮች ቆርጦ የሚታሰሩ ከረጢቶችን መስፋት ይቻላል። ቁራጩ የውስጡ ወደ ውጭ ሆኖ በቁመቱ ለሁለት ይታጠፋል፤ ሁለቱ ጎኖች ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ገብተው ይሰፋሉ፣ ከላይ ግን 4 ሳንቲ ሜትር ሳይሰፋ ይተዋል። ከዚያ የግርጌው ማዕዘን የጎኑ ስፌት መካከል ላይ እንዲውል ሆኖ እንደ ሦስት ማዕዘን ይዘረጋና 6 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው አግድም መስመር ይሰፋል። ይህ በሁለቱም ማዕዘን ሲደረግ ከረጢቱ 14 በ6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግርጌ ያገኝና ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አፉ መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ታጥፎ ይሰፋና በመተላለፊያው ውስጥ ሲባጎ ይገባል። የከረጢቱ የውስጥ ገጽ ነጣ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ በጥቁር ጨርቅ ውስጥ ትንሽ ቪቴ መፈለግ ዓይን ያደክማል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የአዲስ አበባ ክረምት ሸራ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ስለዚህ መሣሪያዎቹ ከሥራ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ተወልውለው፣ የስፌት መኪና ዘይት በነካው ጨርቅ ታሽተው ወደ ኪሳቸው ይመለሱ። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች ባይጣሉና ሁለት ሦስቱ በእርሳሱ ኪስ ቢቀመጡ ይጠቅማሉ። ጥቅሉ ራሱ ዝናብ ከነካው መሣሪያዎቹን አውጥቶ፣ ማሰሪያውን ፈትቶ፣ እስኪደርቅ ድረስ ተዘርግቶ እንዲሰቀል ማድረግ ያስፈልጋል።