ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥ ቱርቦ ሞተር፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አዳማ ላይ የሚሠራ መካኒክ የጅቡቲን መንገድ ድካም በጆሮው ያውቀዋል። በአዋሽ በኩል የመጣው ሲኖትራክ፣ ከአርሲ እህል ጭኖ የወረደው አይሱዙ፣ ገና ግቢ ሳይገባ ድምፁ ያለበትን ይናገራል። ሾፌሮች በብዛት ይዘውልኝ የሚመጡት አቤቱታ አንድ ነው፦ «መንገድ ላይ ደህና ነው፣ ስቆም ግን ጋቢናው ይንቀጠቀጣል።» ይህ የሚኒሞ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ችግር ብዙ ጊዜ በርካሽ ዕቃ ይፈታል። የሚያከስረው ሳይለኩ መፍታት ነው።

ቱርቦውን መጀመሪያ መክሰስ

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው። አንድ ወጣት ሾፌር አዲስ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ዕቃ) በካርቶን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ቱርቦው ሞቷል ተብያለሁ፣ ግጠሙልኝ» አለኝ። ከመፍታቴ በፊት የአየር ቱቦውን ማሰሪያ ፋሸታ አላልቼ አነሳሁና የቱርቦውን ምላስ (የሚሽከረከረውን ክንፍ) በጣቴ አዞርኩት። ያለ ምንም መያዝ ዞረ፤ ወደ ጎን ስገፋው ከቤቱ ጋር አልተነካካም፤ ዘይትም አላረጠበውም። ጤነኛ ነው።

ከዚያ ከውሃ መለያው ቀጥሎ ባለው የናፍጣ መስመር ላይ አንድ ክንድ የምታህል ብርሃን አሳላፊ ቱቦ አስገባሁና ሞተሩን አስነሳነው። ናፍጣው ውስጥ አረፋ እንደ ለስላሳ መጠጥ ይፈላ ነበር። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየውና ዝም አለ። አየሩ የሚገባው በእጅ ፖምፓው ላስቲክ በኩል ነበር፤ ሙቀት አድርቆት ተሰነጣጥቋል። ላስቲኩን ቀይረን አየሩን ስናስወጣ ሞተሩ ጸጥ አለ። ቱርቦውን ግን የሸጠለት ሰው አልመልስም አለው። ያ ገንዘብ የስንት ምልልስ ትርፍ እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቱርቦ የሚሽከረከረው በጭሱ ጉልበት ነው። ሚኒሞ ላይ ጭሱ ደካማ ስለሆነ ቱርቦው የሚሰጠው ግፊት ከምንም አይቆጠርም። የናፍጣ ሞተር ደግሞ በሚኒሞ ጊዜ ከሚያስፈልገው እጅግ የበለጠ አየር አለው። ስለዚህ የደከመ ቱርቦ ወይም የተቀደደ የኢንተርኩለር (ከቱርቦው የወጣውን አየር የሚያበርደው ዕቃ) ቱቦ ራሱን የሚያሳየው ጭነት ላይ ነው፦ ከመተሐራ ወደ አዳማ ሽቅብ ስትወጡ ጉልበት ያጥራል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ቆሞ መንቀጥቀጥ የቱርቦ ዋና ምልክት አይደለም። ለየት የሚለው ቱርቦው ዘይት ወደ አየር መስመሩ ሲያሳልፍ ነው፤ ያኔ ሰማያዊ ጭስ ታያላችሁ፣ የኢንተርኩለሩ ቱቦም ውስጡ ዘይት ያቁራል። ኢጂአር (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ዕቃ) ባላቸው አዳዲስ ሞተሮች ደግሞ የኢጂአሩ ቫልቭ ክፍት ሆኖ ከተጣበቀ የተቃጠለ ጭስ እየተመለሰ ሚኒሞውን ያበላሻል፤ እሱም ቢሆን ከቱርቦው የተለየ ዕቃ ነው።

የመንቀጥቀጡን ዓይነት ሳይለዩ ቁልፍ ማንሳት

ሁለት ዓይነት መንቀጥቀጥ አለ፣ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። አንደኛው ምት አለው፦ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ሳያቋርጥ በእኩል ርቀት። ሁለተኛው ምት የለውም፤ ዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሞተሩ ሊጠፋ ደርሶ እንደገና ይነሳል።

ምት ያለው አንድ ሲሊንደር አልሠራም ወይም ደክሟል ማለት ነው። በደቂቃ 600 ዙር በሚሄድ ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 300 ጊዜ፣ በሴኮንድ 5 ጊዜ ይተኩሳል። አንዱ ሲጎድል ያ ጉድለት በሴኮንድ 5 ጊዜ መሪው ላይ ይመታችኋል። ምት የሌለው ግን ሁሉንም ሲሊንደር የሚነካ ችግር ነው፦ አየር የገባበት ናፍጣ፣ የተዘጋ ፊልትሮ፣ ውሃ፣ ወይም ዙር የሚቆጣጠረው የፖምፓው ክፍል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች እጃችሁን ጋቢናው ላይ አሳርፋችሁ ስሙት። ጭሱንም እዩ፤ ነጩ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፣ ሰማያዊው ዘይት።

ምት ካለው ደካማውን ሲሊንደር መፈለግ ቀላል ነው። ሞተሩን ከቀዝቃዛ አስነሱና ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ የማርሚታውን (የጭስ ማስወጫውን) መውጫዎች ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ በሚገጠሙበት ቦታ በሙቀት መለኪያ ተራ በተራ ለኩ። የማይሠራው ከጎረቤቶቹ በግልጽ ይቀዘቅዛል። መለኪያ ከሌለ በጣት ጫፍ አንዳንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ፤ ቶሎ ያልደረቀበት እሱ ነው። ጠብታ ብቻ! በጋለ ብረት ላይ ውሃ መድፋት ይሰነጥቀዋል።

የኮመን ሬይል ሞተር መስመር ማላላት

በድሮው መካኒካል የናፍጣ ፖምፓ ላይ የኢንጀክተሩን (ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨውን ዕቃ) ቱቦ ዳዶ በ17 ቁጥር ቁልፍ ትንሽ ማላላት የታወቀ ዘዴ ነው። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር፤ ካልተለወጠ ችግሩ እዚያ ነው። በጨርቅ ሸፍናችሁ፣ መነጽር አድርጋችሁ፣ እጃችሁን አርቃችሁ ሥሩት።

ይህን ልማድ ወደ ኮመን ሬይል ሞተር (ኢንጀክተሮቹ ሁሉ ከአንድ ከፍተኛ ግፊት ካለው የጋራ ቱቦ ናፍጣ የሚያገኙበት፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር) ይዞ መሄድ ግን አደገኛ ነው። የጎማችሁ ነፋስ 8 ባር ገደማ ነው። የኮመን ሬይል መስመር ሚኒሞ ላይ እንኳ በመቶዎች የሚቆጠር ባር አለው፣ ጭነት ላይ ከ1,500 ባር ያልፋል። በዚህ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል፤ ውስጡ ግን ሥጋውን ይገድላል፣ እጅ እስከመቁረጥ ያደርሳል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰባችሁ እጃችሁን ታጥባችሁ ወደ ሥራ አትመለሱ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ። ረዳቶቻችሁንም አስተምሩልኝ፤ ብዙዎቹ ይህን የሚነግራቸው ሰው የለም።

ለእንዲህ ያለው ሞተር ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ የሲሊንደሮቹን ሚዛን ያነብላችኋል። ሌላው መንገድ የኢንጀክተሮቹን መላሽ ናፍጣ በየጠርሙሱ ተቀብሎ ማነጻጸር ነው፤ ከሌሎቹ በጣም ብዙ የመለሰው አርጅቷል።

ኢንጀክተር በጅምላ መቀየር

አንዱ ሲደክም ስድስቱንም ያስገዟችኋል። መካኒካል ፖምፓ ላይ ከሆነ መጀመሪያ የተጠረጠረውን ኢንጀክተር ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩት። ችግሩ አብሮት ከተዛወረ ጥፋተኛው ኢንጀክተሩ ነው። እዚያው ሲሊንደር ላይ ከቀረ ኢንጀክተር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ቫልቮላውን (የአየር ማስገቢያና የጭስ ማስወጫ ቫልቮቹን)፣ ኮምፕረሲዮኑን (የሲሊንደሩን የአየር እመቃ)፣ የፖምፓውን ክፍል ተመልከቱ። ስትመልሱት ከሥሩ ያለችውን የመዳብ ቀለበት በአዲስ ተኩ፣ የድሮዋ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቃ እንዳትቀር። ሁለት ቀለበት ተደራርቦ የተገጠመ ሞተር አይቻለሁ፤ የኢንጀክተሩ ጫፍ ከቦታው ከፍ ብሎ ስለሚረጭ አዲሱም እንደ አሮጌው ይንቀጠቀጣል።

እንደ አይሱዙ 4ኤችኬ1 ባሉ ሞተሮች ደግሞ እያንዳንዱ ኢንጀክተር ላይ የታተመ ኮድ አለ። ኮዱ ወደ ሞተሩ ኮምፒውተር ካልገባ የሚረጨው መጠን ስለማይስተካከል ኦሪጅናል ዕቃ ገዝታችሁም ሚኒሞው ይረበሻል።

ሚኒሞውን ከፍ አድርጎ መደበቅ

ዙሩን ትንሽ ከፍ ሲያደርጉት መንቀጥቀጡ ይጠፋል፣ ሾፌሩም ደስ ብሎት ይሄዳል። ችግሩ ግን አለ፤ ናፍጣ ይበላል፣ ፍሪሲዮኑንም ማርሽ ባስገባችሁ ቁጥር ያሠቃያል። ሊሸጥ የቀረበ መኪና ሚኒሞው ከፍ ብሎ ካገኛችሁት ወደ ልኩ አውርዳችሁ ስሙት።

ቫልቮላ በትኩስ ሞተር መለካት

ይህ የችኮላ ጥፋት ነው። በመደበኛው የሲኖትራክ ደብሊውዲ 615 ሞተር የቫልቮላው ክፍተት ለማስገቢያው 0.3፣ ለማስወጫው 0.4 ሚሊሜትር ነው፣ የሚለካውም ሞተሩ በርዶ ነው። በሞተር ፍሬን የሚሠሩት የራሳቸው ልክ ስላላቸው መመሪያቸውን እዩ። በትኩሱ የተስተካከለ ሲበርድ ልኩን ይለቃል፤ የጠበበበት ቫልቭ በደንብ ካልገጠመ ደግሞ ኮምፕረሲዮን እየወረደ ይቃጠላል።

የሞተር ጎማውን መርሳት

ሞተሩ በእኩል እየሠራ ጋቢናው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች በባትሪ ብርሃን እዩ። ዘይት የጠጣ ጎማ ያብጣል፣ ይቀደዳል።

ውሃውን አለማፍሰስ

ከአፋር ሙቀት ወጥቶ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዳማ የሚያድር መኪና፣ ታንከሩ ግማሽ ባዶ ከሆነ ሌሊቱን ውስጡ ጤዛ ይሠራል። በበርሜልና በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ሲጨመርበት ውሃው ይበዛል። ምሽት ስትደርሱ ታንከሩን ሙሉ። ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት የውሃ መለያውን የታች መክፈቻ ፈትታችሁ ጥቂቱን ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ አውርዱና ቁርሳችሁን እስክትበሉ አስቀምጡት። ውሃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል፣ ናፍጣው ከላይ ይንሳፈፋል። ከሥር ምንም ውሃ እስከማይታይ ድረስ ደጋግሙት።