ከኪንታሮት ቀዶ ሕክምና በኋላ ደም ለሚመላለስባቸው አረጋውያን

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰገራ ሲወጣ ወረቀት ላይ የሚታይ ጥቂት ደም የተለመደ ነው። አሳሳቢው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ያለው ጊዜ ነው፤ የቁስሉ ቅርፊት ሲላጥ ደም በድንገት ሊፈስ ይችላል። ከደቅ ደሴት የመጡ ታካሚዎች 14ኛው ቀን እስኪያልፍ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ቢሰነብቱ ይሻላል፤ ጣናን በሌሊት መሻገር ቀልድ አይደለም።

የሆድ ድርቀት ቁስሉን መልሶ ይቀድደዋል። አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በብዙ ውሃ በጥብጣችሁ ስጧቸው፤ ጎመንና ፓፓያ ጨምሩ። ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው የታመመ ከሆነ የውሃውን መጠን ሐኪም ይወስን። ማማጥ ይቅር። ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን 3 ጊዜ ይቀመጡ፤ ሲነሱ ሊያዞራቸው ስለሚችል ደግፏቸው።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት አስፕሪንና ዋርፋሪን መድማትን ያባብሳሉ፤ በራስ ማቋረጥ ግን ለስትሮክ ሊዳርግ ይችላል። ለሕመም ከዳይክሎፌናክ ይልቅ ፓራሲታሞል ይመረጣል።

ደሙ ካላቆመ፣ የረጋ ደም ከወጣ ወይም ራስ ካዞራቸው በቀጥታ ባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

ቁስሉ ከዳነ ከወራት በኋላ የሚመለስ ደም ሌላ ጉዳይ ነው። «ያው ኪንታሮቱ ነው» ብሎ መተው ትልቁ ስህተት ነው፤ በዚህ ዕድሜ የአንጀት ካንሰርም እንዲሁ ይደማል። ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያይ ምርመራ) ጠይቁ፤ በተለይ ክብደት ከቀነሱ ወይም ደም ማነስ ከተገኘባቸው። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ምንጩ ጨጓራ ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ የአይረን እንክብልም ሰገራ ስለሚያጠቁር የሚወስዱ ከሆነ ተናገሩ።