አንድ ችካል ለሁለት ሰው፦ በብሪታንያ የፌዛንት አደን ቀን ቦታን ከወዳጅ ጋር እንዴት መጋራት ይቻላል

በብሪታንያ ገጠር በቅዝቃዜው ወራት የሚካሄደው ትልቁ የወፍ አደን፣ አዳኙ ወፉን እየተከተለ የሚዞርበት ሳይሆን ወፉ ወደ አዳኙ እንዲበር የሚደረግበት ነው። አስነሺዎች ባንዲራና በትር ይዘው በጫካው ወይም በማሳው ውስጥ ተሰልፈው ይራመዳሉ፤ ፌዛንቱና (ረጅም ጅራት ያለው፣ ዶሮ መሰል ወፍ) ቆቁም ከፊታቸው እየተነሣ፣ ብዙውን ጊዜ ስምንት ወይም ዘጠኝ ተኳሾች ከተደረደሩበት መስመር በላይ ያልፋል። እያንዳንዱ ተኳሽ የሚቆመው ቁጥር በተጻፈበት ችካል አጠገብ ሲሆን፣ በሁለት ችካሎች መካከል 40 ሜትር ገደማ ርቀት ይኖራል። በአንድ ቀን እንዲህ ያለው ማስነሣት ከአራት እስከ ስድስት ዙር ይደረጋል።

ችካሉ ውድ ስለሆነ፣ ሁለት ወዳጆች አንድ ቦታ በጋራ ገዝተው ወጪውንም ተኩሱንም መካፈላቸው በአገሩ የተለመደ ነው። በሚገባ ከታሰበበት፣ በተለይ ለአዲስ ሰው፣ ሙሉ ቦታ ብቻውን ከሚይዝ ይልቅ ግማሹን ከወዳጁ ጋር ቢይዝ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ፤ ከኋላ ቆሞ የሚመለከት ሰው ተኳሹ በጥድፊያ የማያየውን ብዙ ነገር ያያልና። ሳይታሰብበት ከተገባ ግን ሁለቱ ወዳጆች ተኮራርፈው ወደ ቤት የሚመለሱበት ቀን ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ አስተባባሪውን ያስፈቅዱ

ለወዳጅዎ ቃል ከመስጠትዎ በፊት የአደኑን አስተባባሪ ይጠይቁ። ቦታውን በገንዘብዎ የገዙት ቢሆንም፣ በመስመሩ ላይ ለሚቆመው ሰው ሁሉ ኃላፊነት ያለበት እርሱ ነው። አንዳንዱ በደስታ ይቀበላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ተኳሾችን ከዙር ወደ ዙር በሚያጓጉዘው መኪና ላይ ትርፍ መቀመጫ ስለሌለ፣ ወይም የማያውቀውን ሰው በመስመሩ ላይ ማቆም ስለማይሻ ይከለክላል። ቦታው በግብዣ የተሰጠዎ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ጋባዡ የጠራው እርስዎን ነውና፣ «ወዳጄን ይዤ ልምጣ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ሰውየውን እምቢ ለማለት ያስጨንቀዋል። በእኔ አስተያየት በግብዣ የተገኘ ችካል የሚጋሩት ጋባዡ ራሱ ሐሳቡን ካነሣ ብቻ ነው።

ፈቃዱን ሲያገኙ፣ ሁለት ጠመንጃ ይዞ መምጣት ይቻል እንደሆነና ምን ዓይነት ጥይት እንደሚፈቀድ አብረው ይጠይቁ። በ2020 ዘጠኝ የብሪታንያ የአደንና የገጠር ድርጅቶች በሾትጋን (በአንድ ተኩስ ብዙ ትንንሽ እንክብል በሚረጭ ጠመንጃ) አደን የእርሳስ ጥይት በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲቀር በጋራ ጥሪ ካቀረቡ ወዲህ፣ አንዳንድ ቦታዎች የብረት ወይም ሌላ እርሳስ ያልሆነ እንክብል ብቻ ይፈቅዳሉ። ውታፉም (በጥይቱ ውስጥ ባሩዱን ከእንክብሉ የሚለየው ክፍል) ከፕላስቲክ ሳይሆን በመሬት ውስጥ ከሚበሰብስ ነገር የተሠራ እንዲሆን ይጠይቃሉ። አሮጌ ጠመንጃ ደግሞ የብረት እንክብል ላይስማማው ስለሚችል፣ ከወዳጅዎ ጠመንጃ ለመዋስ ያሰቡ ከሆነ ይህን ጠመንጃ ሠሪ አስቀድሞ ቢያይልዎ መልካም ነው።

ገንዘቡን በወረቀት ላይ ያስፍሩ

የአንድ ቀን ዋጋ የሚሰላው ብዙውን ጊዜ ይወድቃሉ ተብለው በሚጠበቁት ወፎች ቁጥር ነው። ለምሳሌ ቀኑ ለ200 ወፍ ተሸጦ፣ የአንዱ ወፍ ዋጋ 45 ፓውንድ፣ ተኳሾቹም ስምንት ቢሆኑ፣ ጠቅላላው 9,000 ፓውንድ፣ የአንዱ ችካል ድርሻ 1,125 ፓውንድ ይሆናል። 20 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 1,350 ፓውንድ ይደርሳል፤ ስለዚህ የእያንዳንዳችሁ ግማሽ 675 ፓውንድ ነው። ሁለት ሰዎች በዚህ ላይ ብቻ ተስማምተው ሲለያዩ ነው በኋላ ቅሬታ የሚመጣው፤ ቀሪው ወጪ ገና አልተቆጠረምና።

የሁለተኛው ሰው ምሳ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ይከፈላል። የጥይቱን ወጪ እያንዳንዱ የራሱን ቢችል ይቀላል። ከሁሉም በላይ ግን ከተባለው ቁጥር በላይ ወፍ ከወደቀ የሚመጣውን ተጨማሪ ሒሳብ አትርሱ። በ1913 ዲሴምበር 18 ቀን ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በተካፈሉበት በእንግሊዝ ሆል ባርን በተባለ ይዞታ በተደረገው አደን በአንድ ቀን 3,937 ፌዛንት ተመትቷል፤ ዛሬ ግን ልኩ አስቀድሞ ተወስኖ ይያዛል፤ ልኩ ካለፈ ደግሞ እንደ ውሉ ትርፉ ለተኳሾቹ ይከፋፈላል። ያ ሒሳብ የሚላከው ቦታውን በስሙ ለያዘው ሰው ስለሆነ፣ እርሱም እኩል እንደሚካፈል በጽሑፍ ይኑር። ከሁለታችሁ አንዱ ታሞ ቢቀር ገንዘቡ ይመለስለት እንደሆነ፣ ወይም በምትኩ ሰው የማምጣት መብት ይኖረው እንደሆነም እንዲሁ። አጭር የስልክ መልእክት ይበቃል፤ ዋናው ነገር ከቀኑ በፊት መጻፉ ነው።

ፈቃድና መድን

በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ ሾትጋን ለመያዝ ፖሊስ የሚሰጠው፣ ለአምስት ዓመት የሚያገለግል ፈቃድ ያስፈልጋል። ሁለታችሁም ፈቃዱ ካላችሁ አንዱ የሌላውን ጠመንጃ ተቀብሎ መተኮሱ አያስቸግርም። ወዳጅዎ ፈቃድ ከሌለው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ2017 በወጣ ሕግ መሠረት፣ ፈቃድ የሌለው ሰው በግል ይዞታ ላይ ለአደን ጠመንጃ መዋስ ይችላል፤ ሆኖም አዋሹ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላውና ፈቃድ ያለው፣ ሌሎችን በዚያ መሬት ላይ የማሳደን መብት ያለው ወይም መብቱ ካለው ሰው በጽሑፍ የተፈቀደለት መሆን አለበት፤ ተዋሹም አዋሹ ወይም እነዚሁን መስፈርቶች የሚያሟላ ሌላ ሰው ባለበት ብቻ ነው የሚይዘው። ለተከራየ ችካል ይህ ማለት ከባለ መሬቱ ወይም ከአስተባባሪው አንዲት ፊርማ ያለባት ወረቀት አስቀድሞ መቀበል ማለት ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ደግሞ መኪናውን ነው፦ ጠመንጃው ከውስጥ እያለ ቁልፉን ፈቃድ ለሌለው ወዳጅ ሰጥቶ «አንተ ቀድመኝና ጠብቀኝ» ማለት፣ ሳያስቡት ጠመንጃውን ማስረከብ ነው።

ለሦስተኛ ወገን ጉዳት የሚሆን የመድን ሽፋን ለሁለቱም ያስፈልጋል። የአደን ማኅበር አባልነት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያካትታል፤ የአንዱ ሽፋን ሌላውን ይጠብቃል ብላችሁ ግን አትገምቱ።

ተራውን እንዴት እንደምትካፈሉ ይወስኑ

ብዙ ጊዜ የሚባክነውና ብዙ ቅሬታ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ዕጣ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ሁሉም ሁለት ሁለት ቁጥር ወደ ላይ ይዘዋወራል። ከስምንት ችካሎች 3 ቁጥር ቢደርሳችሁ፣ በቀጣዮቹ ዙሮች 5፣ 7፣ ከዚያም 1 ትሆናላችሁ ማለት ነው። ወፉ አብዛኛውን ጊዜ በመስመሩ መካከል በብዛት ስለሚያልፍ፣ ዙር በዙር ብትቀያየሩ አንዱ በ3 እና በ7፣ ሌላው በ5 እና በ1 ይቆማል። በ5 የቆመው ሰማዩ በወፍ ተሞልቶ ሲተኩስ፣ በ1 ሲቆም ደግሞ አንዲትም ላታልፈው ትችላለች። ነፋሱና የጫካው አቀማመጥ ይህን ሊገለብጡት ይችላሉ፤ ስለዚህ ዙር በዙር መቀያየር ቀላል ቢሆንም ሁልጊዜ እኩል አያደርግም።

ሁለተኛው መንገድ በዙሩ መካከል መቀየር ነው። ለምሳሌ አንዱ አራት ወፍ ከመታ ወይም አሥር ጥይት ከተኮሰ በኋላ ለሌላው ይለቃል። እኔ የጥይቱን ቁጥር እመርጣለሁ፤ ዕድሉ ያልቀናው ሰው አራተኛውን ወፍ እየጠበቀ ዙሩን በሙሉ እንዳይዝ፣ ወዳጁም ከኋላው ቆሞ እንዳይናደድ ያደርጋልና። ለመጀመሪያ ጊዜ አብራችሁ የምትቆሙ ከሆነ ግን ዙር በዙር ቀያይሩ፤ ሚዛኑ ትንሽ ቢጎድልም፣ ወፍ እየመጣ እያለ ጠመንጃ የመቀባበል ችግር አይኖርም። ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ መተኮስን በተመለከተ ምንም አማራጭ አላቀርብም። በአንድ ችካል ላይ ከቦርሳው የወጣ ጠመንጃ አንድ ብቻ ይሁን፤ ሌላው ዚፑ ተዘግቶ በመሬት ላይ ይቀመጥ።

በችካሉ አጠገብ

ጠዋት አስተባባሪው ማብራሪያ ሲሰጥ ሁለታችሁም ቆማችሁ ስሙ። ዙሩ የሚጀምረውና የሚያበቃው በጡሩምባ ወይም በፊሽካ ነው፤ አስነሺዎቹ ሲቀርቡም ወደ ፊት መተኮስ እንዲቆም ምልክት ይሰጣል። ምልክቱ ስንት ጊዜ እንደሚነፋ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ «እንደ ባለፈው ነው» ማለት አይበቃም። በሰዓቱ መድረስም የአክብሮት ጉዳይ ነው፤ ዲሴምበር ላይ ፀሐይ አመሻሹ ሳይደርስ ትጠልቃለች። ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ለአደን የሚሆን ብርሃን ለማትረፍ ብለው በሳንድሪንግሃም ይዞታቸው ያሉትን ሰዓቶች ግማሽ ሰዓት አስቀድመው ያስሞሉ ነበር፤ ልማዱም እስከ 1936 ዘልቋል።

ተራው ያልደረሰው ሰው ከተኳሹ ጀርባ በቅርብ ይቁም እንጂ በጎን ርቆ አይቁም። ተኳሹ ወደ ኋላ ያለፈችውን ወፍ ለመምታት ሲዞር፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ አንሥቶ ይዞራል፤ ከኋላ ያለውም አብሮት ይዞራል። ይህን ቤት ሳላችሁ በባዶ ጠመንጃ ሁለት ሦስት ጊዜ ብትለማመዱት አትጸጸቱም። የሾትጋን ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ስለሆነ የጆሮ መከላከያ ለሁለቱም ግዴታ ነው፤ መነጽርም እንዲሁ። ከወፏ ጀርባ ሰማይ ካልታየ አይተኮስም። ወደ ጎረቤት ችካል የምታመራ ወፍም የጎረቤት ናት።

ከኋላ የቆመው ሰው ተመልካች ብቻ አይደለም። የወደቁትን ይቆጥራል፤ የት እንደወደቁም ዛፍ ወይም አጥር ምልክት አድርጎ ይይዛል። ቆስላ የሄደች ወፍ ካለች ዙሩ እንዳበቃ ውሻ ለያዙት ለቃሚዎች አስቀድሞ ይናገራል፤ ወፏ ሳትሠቃይ ቶሎ እንድትገኝ ከዚህ የሚበልጥ እገዛ የለም። ወፎች እየመጡ ሳለ ምክር አይስጥ፤ ምክሩ በእረፍት ሰዓት ይደርሳል። ዙሩ ሲያልቅ ደግሞ ቀለሁን ለቅሞ ይይዛል።

ጠመንጃው ሲቀባበል፣ ያለ ጥይትና ተከፍቶ ይሰጥ፤ ተቀባዩም ሁለቱን በርሜሎች በዓይኑ አይቶ ባዶነታቸውን ያረጋግጥ። የሁለታችሁ ጠመንጃ የተለያየ የበርሜል መጠን (ቁጥሩ ሲበዛ በርሜሉ ይጠባል) ከሆነ ግን ከዚህ የባሰ አደጋ አለ። የ20 ጥይት በስሕተት በ12 ጠመንጃ ውስጥ ቢገባ፣ ወደ ፊት ተንሸራትቶ በርሜሉ ውስጥ ይቀረቀራል፤ ተኳሹ ጠመንጃው ባዶ መስሎት ከኋላው የ12 ጥይት ቢያጎርስና ቢተኩስ በርሜሉ ይፈነዳል፤ እጅን ሊያሳጣ ይችላል። የ20 ጥይት በልማድ ቢጫ የሚደረገው ለዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ዝናር ወይም አንድ ኪስ አትጋሩ፤ የሚሻለው ሁለታችሁም አንድ ዓይነት መጠን ይዛችሁ መምጣታችሁ ነው።

ምሳውና ወፎቹ

የፌዛንት አደን ወቅት በብሪታንያ ከኦክቶበር 1 እስከ ፌብሩዋሪ 1 ነው፤ በእንግሊዝና በዌልስ እሑድና ዲሴምበር 25 አይታደንም። የነቢያት ጾም ከዚሁ ወቅት ጋር ስለሚገጥም፣ ረቡዕና ዓርብም ስላሉ፣ የምትጾሙ ወገኖች ይህን ለአስተባባሪው ከሳምንት በፊት ብትነግሩት የአትክልት ምግብ ያዘጋጃል፤ በማዕዱ ላይ ተቀምጦ ሰሃን ከመመለስ ይህ ይሻላል። በቀኑ መጨረሻ ለአንድ ችካል የሚሰጡት ጥንድ ወፎችም በተኩስ የሞቱ እንጂ የታረዱ አይደሉም። በሃይማኖቱ ሥርዓት ያልታረደ ሥጋ የማይበላ ወዳጅ ካለ፣ ጥንዱን የሚበላው ይውሰድ። ሁለቱም የሚበሉ ከሆነ አንድ አንድ ይካፈላሉ።

ወፎቹን የሚያስረክበው አብዛኛውን ጊዜ የአደን ሥፍራው ጠባቂ ነው፤ ጉርሻውም በዚያን ጊዜ እጅ ሲጨባበጡ በጥሬ ገንዘብ ይሰጣል። ለመጀመሪያዎቹ 100 ወፎች ከ20 እስከ 30 ፓውንድ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 100 ደግሞ 10 ፓውንድ ያህል መስጠት የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ብዙዎች ከዚህ በላይ ይሰጣሉ። ሁለታችሁ በአንድ ችካል ስለቆማችሁ ጠባቂው ከአንድ ተኳሽ ያነሰ ሊያገኝ አይገባም፤ ወፎቹን ከበጋ ጀምሮ ሲቀልብና ሲጠብቅ የኖረው እርሱ ነው። ገንዘቡን አስቀድማችሁ አዋጥታችሁ በአንድ ላይ ያዙት፤ አንዱ ሲሰጥ ሌላውም አብሮት ቆሞ እጅ ይጨብጥ።

ቤት ስትገቡ ጠመንጃው በዚያው ምሽት ይጠረግ፤ የተዋሰው ሰው ይጥረገው። ለአስተባባሪው ወይም ለጋባዡ የሚላከውን የምስጋና ደብዳቤ ሁለታችሁም ለየብቻ ጻፉ፤ ተጨማሪ ሒሳብ ከመጣም ቦታውን በስሙ ያልያዘው ወዳጅ ድርሻውን ሳይጠየቅ በማግስቱ ይላክ።